ከጎዳና ወደ ሜዳ፦ የአውቶክሮስ ውድድር አጀማመር

አውቶክሮስ ገላጣ ሜዳ ላይ በፕላስቲክ ኮኖች በተከለለ ጠመዝማዛ መስመር መኪኖች ተራ በተራ እየገቡ ከሰዓት ጋር የሚወዳደሩበት የሞተር ስፖርት ነው። ሁለት መኪና ጎን ለጎን አይሮጥም፤ መቀዳደምም መገፋፋትም የለም። አሽከርካሪው መነሻው ላይ ይቆማል፣ ምልክት ሲሰጠው ይወጣል፣ በኮኖቹ መሃል እየተጠማዘዘ መድረሻውን ሲያልፍ ሰዓቱ ይመዘገባል። አንድ ዙር ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ይፈጃል። መስመሩ ሆን ተብሎ የሚጠማዘዘው ፍጥነት እንዳይበረታ ስለሆነ፣ ተራ የቤት መኪና አብዛኛውን መንገድ በሁለተኛ ማርሽ ይጨርሰዋል።

ለጀማሪ ከሞተር ስፖርቶች ሁሉ የቀረበው በዚህ ምክንያት ነው። የተለየ የውድድር መኪና አይጠይቅም። ስህተት የሠራ አሽከርካሪ የሚገጨው ፕላስቲክ ኮን እንጂ ሰው ወይም ግድግዳ አይደለም። ውጤቱን የሚወስነውም ከሞተሩ ጉልበት ይልቅ የነጂው ችሎታ ነው፤ በትንሽ ቪትዝ የመጣ ጠንቃቃ ነጂ በትልቅ ሞተር የመጣውን ችኩል ሊቀድመው ይችላል።

የስፖርቱ መነሻና ሁለቱ መልኮች

ዛሬ በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት አሠራር ይታያል። የመጀመሪያው በአስፋልት ወይም በኮንክሪት ሜዳ ላይ በኮን የሚካሄደው ነው። የዚህ ዓይነቱ ትልቁ ማዕከል አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 የተመሠረተው የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ በ1973 የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ሻምፒዮና አዘጋጅቷል። ሻምፒዮናው አሁን በነብራስካ ግዛት በሊንከን ከተማ፣ ቀድሞ የአየር ኃይል ጣቢያ በነበረ የኮንክሪት ሜዳ ላይ የሚካሄድ ሲሆን ከ1,000 በላይ ነጂዎች ይሳተፉበታል። አብዛኞቹ ደመወዝተኛ፣ መምህር፣ መካኒክና ተማሪ ናቸው። በአውሮፓ ተመሳሳዩ ውድድር አውቶ ስላሎም ይባላል። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2022 በፈረንሳይ ባካሄደው የሞተር ስፖርት ጨዋታ ላይ ከየአገሩ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በአንድ ቡድን ሆነው በአውቶ ስላሎም ተወዳድረዋል። ጡንቻ ብዙ ልዩነት የማያመጣበት ስፖርት ስለሆነ ሴትና ወንድ በእኩል ሊወዳደሩበት ይችላሉ።

ሁለተኛው ዓይነት በአፈርና በጠጠር ሜዳ ላይ የሚካሄደው ነው። ለኢትዮጵያ ቅርቡ ምሳሌ ኬንያ ናት። በዚያች አገር የሞተር ስፖርት ባህል ሥር የሰደደ ነው፤ የሳፋሪ ራሊ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1953 ሲሆን በ2021 በናይቫሻ ዙሪያ ወደ ዓለም ሻምፒዮናው ተመልሷል። ከዚህ ትልቅ ውድድር በታች ክለቦች የሚያዘጋጁት የአውቶክሮስ ዙር አለ። በአፈር መስመር ላይ መኪኖች እንደ ሞተራቸውና እንደ ጎማ አነዳዳቸው በምድብ ተከፍለው ይወዳደራሉ፤ ለልጆችም ትንንሽ ተሽከርካሪዎች የሚነዱበት የራሳቸው ምድብ አላቸው። ብዙ የራሊ ነጂዎች መሪ መያዝን የተማሩት በዚህ ሜዳ ነው።

ደቡብ አፍሪካም ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ለሥራ የሚሄዱባት አገር በመሆኗ ለሆሳዕናና ለአካባቢዋ ሰው ሩቅ አይደለችም። በዚያ ስፒኒንግ የሚባለው መኪናን በቦታው እያሽከረከሩ ትርኢት ማሳየት በሶዌቶ ጎዳናዎች ላይ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የአገሪቱ የሞተር ስፖርት አካል እንደ ስፖርት ሲቀበለው ግን አጥር፣ ደንብና የደኅንነት መሣሪያ ወዳለው ሜዳ የሚገባበት በር ተከፈተለት። ስፒኒንግ ከአውቶክሮስ ይለያል፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። የወጣት የፍጥነት ፍቅር በክልከላ ብቻ አይጠፋም፤ ተገቢ ቦታ ሲያገኝ ግን ከጎዳናው ይወጣል።

ለሆሳዕናና ለአካባቢው ያለው ጥቅም

ሆሳዕና የሀዲያ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በወራቤ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ መንገዱ ወደ ወላይታ ሶዶ ይቀጥላል፣ ሌላውም ወደ ዱራሜ ይወስዳል። በእነዚህ መንገዶች ላይ ሚኒባስ፣ አይሱዙ፣ ባጃጅ፣ ሞተር ብስክሌት፣ የጋማ ከብትና እግረኛ አንድ ላይ ይጓዛሉ። በኢትዮጵያ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በትራፊክ አደጋ ይሞታሉ፤ ሌሎች ሰዎች በሚጓዙበት መንገድ ላይ የሚደረግ እሽቅድምድም ምንም ዓይነት ማመካኛ የለውም።

አውቶክሮስ ለዚህ ችግር ሁለት ነገር ይሰጣል። አንደኛ፣ ፍጥነትን ከሕዝብ መንገድ አውጥቶ በተዘጋ ሜዳ ላይ ያስቀምጠዋል። ሁለተኛ፣ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ከሚሰጠው ሥልጠና በላይ የሆነ ትምህርት ይሰጣል። በማሠልጠኛ ግቢ ተማሪው መኪና ማስነሳት፣ ማቆምና ወደኋላ መንዳት ይማራል፤ በእርጥብ መንገድ ላይ ጎማ ሲከዳ፣ ወይም ልጅ በድንገት ሲገባ መኪናው ምን እንደሚያደርግ ግን አያይም። በኮኖቹ መሃል ይህን ያለጉዳት ያየዋል።

ሜዳው

ለጀማሪዎች ውድድር የኳስ ሜዳን እጥፍ የሚያህል ደረቅና ገላጣ ቦታ ይበቃል። አስፋልት ወይም ኮንክሪት ይመረጣል፤ የተጠቀጠቀ ጠጠርም ይሆናል። ኮብልስቶን አይመከርም፤ ጎማን ያነጥራል፣ ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ የሚነቀል ድንጋይም አደገኛ ነው። ሣር የለበሰ የኳስ ሜዳ መጠቀም ደግሞ የሌላውን ስፖርት ማበላሸት ነው። የትምህርት ተቋማትና የድርጅቶች ሰፊ የመኪና ማቆሚያዎች ሥራ በማይኖርበት ቀን በባለቤቱ ፈቃድ ጥሩ ሜዳ ይሆናሉ።

የመስመሩን አሠራር በተመለከተ የአሜሪካው ክለብ ደንብ ጠቃሚ መለኪያ ይሰጣል። መስመሩ ከግንብ፣ ከዛፍ፣ ከመብራት ምሶሶና ከቦይ ቢያንስ 7.5 ሜትር ይርቃል። መኪናው የሚያልፍባቸው በሮች ከ4.5 ሜትር አይጠቡም። በተርታ በቆሙ ኮኖች መሃል ግራና ቀኝ እየተባለ በሚነዳበት ቦታ ከአንዱ ኮን እስከ ሌላው ቢያንስ 14 ሜትር ያህል ይተዋል። ረጅም ቀጥታ አይፈቀድም፤ ከቀጥታው መጨረሻ ላይ ደግሞ መኪናው ቢስት የሚቆምበት ባዶ ቦታ መኖር አለበት። ተመልካች ከመስመሩ ርቆ በገመድ ከተከለለ ቦታ ይቆማል፤ በአፈር ሜዳ ላይ ጎማ ጠጠር ስለሚወረውር ርቀቱ ከዚያም ይጨምራል።

ወቅቱም ይመረጣል። በአካባቢው በበልግና በክረምት ዝናብ ስለሚበዛ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለአፈር ሜዳ ይስማማል። በመስከረም፣ በሀዲያ ያሆዴና በከምባታ መሳላ ሲከበር፣ ከአዲስ አበባና ከውጭ ዘመድ ወደ አገሩ ይመለሳል። ከበዓሉ በኋላ ዝናቡ ሲያባራ የሚዘጋጅ ውድድር ተመልካችም ደጋፊም አያጣም።

መኪናው

ተስማሚው መኪና ዝቅ ያለ፣ ቀላልና ጤነኛ አውቶሞቢል ነው። በየከተማው የሚታዩት ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላና ሱዙኪ ዲዛየር ለጀማሪ ከበቂ በላይ ናቸው። ቁመታቸው ከጎማቸው ስፋት አንጻር ከፍ ያሉ መኪኖች፣ ማለትም ሚኒባስ፣ ላንድክሩዘርና ፒክአፕ፣ በድንገተኛ መጠምዘዝ ሊገለበጡ ስለሚችሉ ከዚህ ውድድር ይገለላሉ። ባጃጅም አይገባም፤ ከፊት አንድ ጎማ ብቻ ስላለው እየተጠማዘዘ ፍሬን ሲይዝ ወደ ጎን የመውደቅ ጠባይ አለው።

የአካባቢው ከፍታ በሞተር ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ማወቅም ይጠቅማል። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተርም በዚያው ልክ ጉልበቱ ይቀንሳል። ቱርቦ ያለው ሞተር ጉዳቱ ያንሳል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ አየር ስለማያቃጥል ምንም አይቀንስበትም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ስለመጣ ይህ ልዩነት በሜዳው ላይ መታየቱ አይቀርም። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ከወለሉ ሥር ስለሚቀመጥ መሬት ይይዛል፣ ሲነሳም ፈጣን ነው፤ ግን ከባድ በመሆኑ ለመቆምና ለመታጠፍ ይቸገራል፣ ጎማም ቶሎ ይበላል። ስለዚህ ለብቻው ምድብ ቢሰጠው ፍትሐዊ ይሆናል።

ከውድድር በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ማንኛውም መኪና መስመሩ ላይ ከመግባቱ በፊት መካኒክ ይፈትሸዋል። የቸርኬ ቡሎኖች ሁሉ ይጠብቃሉ። ጎማ ሽቦው የታየ፣ ያበጠ ወይም የተቀደደ ከሆነ መኪናው አይገባም። የፍሬን ዘይትና የፍሬን ሸራ ይታያሉ፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ጠንካራ መሆን አለበት። የፊት ጎማ በእጅ ተይዞ ሲነቀነቅ ላላ ካለ ኩሽኔታው ወይም የመሪው ማያያዣ ችግር አለበት ማለት ነው። ባትሪ በደንብ ይታሰራል። ነዳጅ መስጫው ተረግጦ ሲለቀቅ ወዲያው መመለስ አለበት። ዘይት፣ ውኃ ወይም ነዳጅ የሚያንጠባጥብ መኪና ይመለሳል። በመጨረሻም ስኮርታ፣ ክሪክ፣ ምንጣፍ፣ ጠርሙስና ስልክ ከመኪናው ይወጣሉ፤ ከፔዳል ሥር የገባ የውኃ ጠርሙስ ፍሬን እንዳይረገጥ ሊያደርግ ይችላል።

የጎማ ነፋስ ከዕለት ተዕለቱ ጥቂት ከፍ ይደረጋል፤ ጎማው በመታጠፊያ ላይ ወደ ጎኑ እንዳይተኛ ያግዛል። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ ማለፍ ግን አይፈቀድም። በሆሳዕና ጠዋቱ ቀዝቃዛ፣ ቀትሩ ሞቃት ስለሆነ ነፋሱ በቀኑ መሃል እንደገና ይለካል።

ነጂው ቀበቶና ሄልሜት ያደርጋል። ለሞተር ብስክሌት የሚያገለግል፣ ፊትን የማይሸፍንም ቢሆን ጥራቱ የተረጋገጠ ሄልሜት ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል። ሸበጥ ጫማና ሰፊ ልብስ ፔዳል ላይ ስለሚያዙ ጠፍጣፋ ሶል ያለው የታሰረ ጫማ ይመረጣል።

ሰዓትና ቅጣት

እያንዳንዱ ነጂ በቀን ቢያንስ ሦስት ዙር ይሰጠዋል፤ የሚቆጠርለት ከሁሉ ፈጣኑ ነው። በእያንዳንዱ ኮን ሥር በኖራ ወይም በጠመኔ ዙሪያው ይሰመራል። ኮኑ ከወደቀ ወይም ከመስመሩ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በአሜሪካው ደንብ መሠረት 2 ሰከንድ ይጨመራል፤ ተነክቶ ቆሞ ከቀረና ከመስመሩ ካልለቀቀ ቅጣት የለም። በር የዘለለ ዙሩ አይያዝለትም። በ40 ሰከንድ ውድድር ውስጥ 2 ሰከንድ ትልቅ ክፍያ ስለሆነ ጀማሪው ቶሎ የሚማረው ነገር ንጹሕ ዙር ከፈጣን ዙር እንደሚበልጥ ነው።

የውድድሩ ቀን

ቀኑ በምዝገባና በፍተሻ ይጀመራል፤ ከዚያ ነጂዎች መስመሩን በእግራቸው ይዞራሉ። ጀማሪ ቢያንስ ሦስት ጊዜ መዞር አለበት። በመጀመሪያው ዙር መስመሩ የት እንደሚሄድ ያጠናል፤ በሁለተኛው ፍሬን የሚይዝበትንና ነዳጅ የሚሰጥበትን ቦታ ይለያል፤ በሦስተኛው ቁጢጥ ብሎ ከመኪናው ወንበር ከፍታ ያየዋል፤ ቆሞ ሲታይ ግልጽ የነበረው በር ከወንበር ሲታይ የኮን ክምር ሊመስል ይችላልና። ቀጥሎ አዘጋጁ ስለ ደኅንነት ገለጻ ያደርጋል፤ ያልተከታተለ አይነዳም።

ተሳታፊዎች ለሁለት ይከፈላሉ። ግማሹ ሲነዳ ግማሹ በመስመሩ ዙሪያ ተረኛ ሆኖ ይሠራል፦ የወደቀ ኮን ያነሳል፣ ቅጣት ይመዘግባል፣ እሳት ማጥፊያ ይጠብቃል፣ ቀይ ባንዲራ ይይዛል። ተረኛ ቆሞ፣ ፊቱን ወደሚመጣው መኪና አድርጎ ይሠራል፤ ስልክ አይነካም፣ አይቀመጥም። ቀይ ባንዲራ ያየ ነጂ ወዲያው ይቆማል፤ ዙሩም እንደገና ይሰጠዋል።

አነዳዱ

የአውቶክሮስ ትምህርት ሁሉ መሠረቱ ጎማ መሬትን የሚቆነጥጥበት አቅም ውስን መሆኑ ነው። ይህ አቅም እንደ ወር ደመወዝ ነው፤ በፍሬን ላይ የወጣው ለመታጠፍ አይተርፍም። ሙሉ ፍሬን ይዞ መሪን የሚያዞር ነጂ መኪናው አልታዘዝ ብሎት ቀጥ ብሎ ሲሄድ ያያል። ስለዚህ ፍሬን ከመታጠፊያው በፊት፣ መሪ ቀጥ ባለበት ይያዛል፤ ፍሬኑ ቀስ እያለ ሲለቀቅ መሪው ቀስ እያለ ይዞራል፤ ነዳጅ የሚሰጠው መሪው መመለስ ሲጀምር ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የክብደት መዛወር ነው። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ጎማዎች ይሄዳል፤ ነዳጅ ሲሰጥ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሲታጠፍ ወደ ውጭኛው ጎን ይጫናል። ክብደት ያረፈበት ጎማ ይቆነጥጣል፣ የቀለለው ይከዳል። በመታጠፊያ መሃል በድንጋጤ ነዳጅ የሚለቅ ሰው ክብደቱን በአንድ ጊዜ ከኋላ ስለሚያነሳው የመኪናው ጭራ ሊወጣበት ይችላል። መፍትሔው እጅና እግርን ማለስለስ ነው፤ መሪን መንጠቅና ፔዳልን መምታት ሰዓትን ያረዝማል። ጭራው ከወጣ መሪውን መኪናው ወደሚንሸራተትበት አቅጣጫ ማዞርና ዓይንን ወደሚፈለገው መንገድ መላክ ያስፈልጋል። ካልተመለሰ ፍሬንና ፍሪሲዮን አንድ ላይ ረግጦ መቆም ነው።

ሦስተኛው ዓይን ነው። ጀማሪ ከፊቱ ያለውን ኮን እያየ ይነዳል፣ በመጨረሻም ይገጨዋል። ልምድ ያለው ነጂ ያንን በር ገና ሳያልፍ ቀጥሎ ያለውን፣ እንዲያውም የሚከተለውን ያያል። በተርታ ኮኖች መሃል ይህ ግልጽ ይሆናል፤ መሪውን ከእያንዳንዱ ኮን ቀደም ብሎ ያልመለሰ ነጂ በሦስተኛው ኮን ላይ ይዘገያል፣ በአራተኛው ላይ ይስታል።

የአቀማመጥ ጉዳይም አለ። ጀርባ ወንበሩ ላይ ሙሉ በሙሉ ማረፍ፣ የእጅ አንጓ በመሪው አናት ላይ ሊደርስ፣ ፍሪሲዮን ሙሉ ሲረገጥ ጉልበት በጥቂቱ መታጠፍ አለበት። ከመሪው የራቀ ሰው ሲታጠፍ መሪውን ለመንዳት ሳይሆን ራሱን ለመያዝ ይጠቀምበታል።

ክለብ ማቋቋም

አንድ ነጂ ብቻውን አውቶክሮስ ሊያካሂድ አይችልም፤ የሚጀምረው በክለብ ነው። ለመነሻ ከአሥር እስከ ሃያ ነጂ፣ ሁለት ወይም ሦስት መካኒክ፣ ከሃምሳ ያላነሰ ኮን፣ ሰዓት መያዣ፣ ባንዲራ፣ እሳት ማጥፊያና የመጀመሪያ እርዳታ የሚሰጥ ባለሙያ ያስፈልጋል። በእጅ የሚያዝ ሰዓት ለጅምሩ ይበቃል፤ ስህተቱን ለመቀነስ ሁለት ሰው ይለካና አማካዩ ይያዛል። የሜዳው ባለቤት ፈቃድ በጽሑፍ ይወሰዳል። የከተማው አስተዳደር፣ ትራፊክ ፖሊስና ስፖርት ጽሕፈት ቤት ቀድመው ያውቃሉ፤ አምቡላንስ የሚጠራበት መንገድና ቅርቡ ሆስፒታል ለሁሉም ይነገራል። መኪናው የዘመድ ወይም የመሥሪያ ቤት ከሆነ የባለቤቱ ፈቃድ፣ የኢንሹራንስ ውልም ለውድድር ይሸፍን እንደሆነ አስቀድሞ ይጣራል።

በአካባቢው ባሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የሚማሩ የአውቶ መካኒክ ተማሪዎች ለፍተሻው ሥራ ተመራጭ ናቸው፤ ተማሪዎቹ ልምድ ያገኛሉ፣ ክለቡም ባለሙያ ያገኛል። በሆሳዕና የሚገኘው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም ወጣቶችን ለመሰብሰብ አመቺ ነው። ወጪን የሚቀንስ ሌላ መንገድ አንድን መኪና ለሁለት ወይም ለሦስት ነጂ መጋራት ነው። ይህ በስፖርቱ ውስጥ የተለመደ ሲሆን ለመማርም ይረዳል፤ መኪናው አንድ ከሆነ የሰዓት ልዩነቱ ከነጂው ብቻ ይመጣልና።

የጀማሪው እድገት

በመጀመሪያው ቀን ዓላማው መስመሩን ሳይስቱ መጨረስ ነው። ልምድ ያለው ሰው ጎን ተቀምጦ መንገድ ቢያሳይ ይህ ይቀላል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ውድድር ዓላማው ሁሉንም ዙር ያለ ቅጣት መንዳት፣ የመጨረሻው ዙር ከመጀመሪያው እንዲፈጥን ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ በራስ መኪና ዓይነት ከሚነዳ ፈጣን ነጂ ጋር ያለውን የሰዓት ልዩነት መመዝገብ ትክክለኛ መለኪያ ይሆናል፤ መስመሩ በየጊዜው ስለሚቀየር የዛሬ ሰዓት ከባለፈው ጋር አይወዳደርም። መኪናን ለማሻሻል ገንዘብ ማውጣት እስከዚህ ድረስ ይቆያል፤ ሲጀመርም ቅድሚያ የሚሰጠው ለጥሩ ጎማና ለፍሬን ነው፣ ከዚያ ለአሞርዛተር፣ ሞተር መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ከአንድ ወቅት ልምምድ በኋላ ነጂው ወደ ረዘሙ የአፈር መስመሮችና ወደ ራሊ ሊያድግ ይችላል፤ ለእነዚያ የውድድር ፈቃድ፣ በመኪናው ውስጥ የሚበየድ የብረት ከለላና ረዳት ነጂ ያስፈልጋል። ብዙዎች ግን በአውቶክሮስ ይቆያሉ፣ መቆየታቸውም በቂ ነው። ቀድሞ ማየትን፣ ፍሬንን በጊዜ መያዝንና የጎማን ልክ ማወቅን የተማረ ሰው በዱራሜ ወይም በሶዶ መንገድ ላይ ሲነዳ የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም፤ ፍጥነትን የሚፈትንበት ሜዳ አለው፣ በመንገድ ላይ ደግሞ ድንገት ሲመጣ እጁ የሚያውቀው ነገር አለ።